አገር ጎብኚው አጠና ነጋዴ

ጅቡቲ፣ መስከረም 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዙቤዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ወገብዎ እንዴት ሆነ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ፋሪዳ ይህን ስታነብልዎት እንደ ልማዷ እየዘለለች እንዳታነብ ይንገሩልኝ።

ከለገሃር በተሳፈርኩ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ገባሁ። ስለ ሙቀቱ ብጽፍ አያምኑኝም። ጎረቤቱ ሁሉ ኤደን ላለ ዘመዱ አድርስልኝ ብሎ ያሸከመኝ ዘጠኝ ጥቅል እስካሁን ደኅና ነው፣ ከቅቤው በቀር። ቅቤው ድሬዳዋ ላይ ዘይት ሆነ፤ እዚህ እስኪደርስ አቶ ሀብተማርያም ለጋሼ ከሊፋ የላኩት ጋቢ ግማሹን ጠጥቶታል። ለአቶ ሀብተማርያም ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ የጋቢውን ነገር ግን እንዳይነገራቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አዲስ አበባ ላይ ወራት ይፈጃል የተባለው የኤደን ቪዛ እዚህ በሳምንት ያልቃል ብለውን ነበር። እውነት ነው፣ ያልቃል፤ ለአገር ጎብኚ። እኔ ግን አገር ጎብኚ አለመሆኔን በገዛ አፌ ተናገርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቪዛው ጸሐፊ ዓረብኛ የሚናገር ቀጭን ሰው ነው፤ ሲያነጋግር ቀና አይልም፣ ወንበርም አይሰጥም። ለምን ነው የምትሄደው አለኝ። አንዱንም ሳላስቀር አስረዳሁት። የአባቴ የዩሱፍ ታናሽ ወንድም ጋሼ ከሊፋ ኤደን ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆናቸው፣ ደብዳቤ ካቋረጡ ሁለት ዓመት ሊሞላ እንደሆነ፣ ልጃቸው ፋሪዳ ለሰይፈዲን እንደታጨች፣ ሼሁም አባት በሕይወት እያለ ያለ እሱ ቃል ኒካሁን አላስርም እንዳሉ ነገርኩት። ስለዚህ ሄጄ፣ ሁለት ምስክር ባለበት ቃላቸውን ተቀብዬ፣ በእሳቸው ምትክ ልጅቱን እድራለሁ አልኩት። የሰይፈዲን አባት ማን እንደሆኑና ሱቃቸው የት እንዳለም ጨመርኩለት። ጸሐፊው እስክጨርስ ሰማኝና ሁለት ቃል ጻፈ፦ «ዘመድ ጥየቃ»።

ለዘመድ ጥየቃ ሕጉ ሌላ ነው። ወደ ኤደን ይጻፋል፣ ዘመድየው ተፈልጎ ይገኛል፣ አዎ የወንድሜ ልጅ ነው ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያ ወረቀቱ ወደዚህ ይመለሳል። ከወር በላይ ይፈጃል አሉኝ። የጋሼ ከሊፋን የድሮውን አድራሻ ሰጥቼ ማመልከቻው ሄዷል።

የማርፈው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ገመቹ የሚባል የባቡር ሠራተኛ ቤት ነው። አድራሻው ከፖስታው ጀርባ አለ። ጅቡቲ ለመቀመጥ የተሰጠኝ ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ያደርሰኛል።

ልጅዎ ሽኩር ዩሱፍ


ኮልፌ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ሽኩር፤

አላህ ከክፉ ዓይን ይጋርድህ፣ የሄድክበትን ያቅናልህ፣ በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ። ምርቃቱ አልቋል፤ ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው።

ሰው በተጠየቀው ልክ አይመልስም? ለምን ትሄዳለህ ላለህ ሰው የሰይፈዲንን አባት ሱቅ ምን አመጣው? አባትህም እንዲሁ ነበር፣ አላህ ይማረውና። ስንት ሰዓት ነው ያለውን ሰው፣ ሰዓቱን ከማን እንደገዛ ሳይነግረው አይለቀውም ነበር። አንተን የላክሁህ በአጠና ንግድ ስትከራከር አይቼ አፍህ ይረዳሃል ብዬ ነው። አፍህ ገደል ከተተህ።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ሠርጉ ታኅሣሥ 7 ቀን ሐሙስ ሆኖ ተቆርጧል። በሳምንቱ ረመዳን ይገባል። ይህ ሠርግ ሁለቴ ተላልፏል፤ መጀመሪያ የሰይፈዲን አያት ሲሞቱ፣ ቀጥሎ የከሊፋን ደብዳቤ ስንጠብቅ። ሦስተኛ ከተላለፈ የልጁ ቤተሰቦች ሌላ በር እንደሚያንኳኩ ከአንድም ሁለት ሰው ነግሮኛል። ፋሪዳ ይህን ስትጽፍ ፊቷን አጥቁራለች። ጻፊው ብያታለሁ።

ሰይፈዲንን ታውቀዋለህ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ አይሰማም፣ እሷም ትወደዋለች። ይህንንም ጻፊው ብያት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቀር የከሊፋን ቃል ይዘህ ና። ከተመቸህ ደግሞ ለሠርጉ ቀን የምለብሰው ቀይ ሐር ግዛልኝ፣ አበባ ያለበት። ለፋሪዳ ነጭ። ከሊፋ ራሱ ይምረጠው፤ ምን እንደሚያምርብኝ ያውቅ ነበር። ረስቶት እንደሆነ አንተ ምረጥ።

ዳሱን የምትተክልልን አንተ ነህና አጠናው ከአሁኑ ተለይቶ እንዲቀመጥ ለሸሪክህ ጻፍለት። ጎባጣውን ለእኛ እንዳያስተርፍ። የምንፈልገው ለሁለት ቀን ነው፣ ሐሙስና ዓርብ።

አቶ ሀብተማርያም ሳል ይዟቸው ተኝተዋል። አስተማሪዋ ልጃቸው ጥሩብርሃን ጦር ኃይሎች ድረስ እየወሰደች ታሳክማቸዋለች። ጋቢው ለከሊፋ ደረሰ ወይ ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ። ጉዞ ላይ ነው አልኳቸው። ቅቤውን አላነሣሁም።

አክስትህ ዙቤዳ

ይህን እናቴ አላጻፈችኝም። ሽኩር፣ አባባን ስታገኘው ፎቶ አስነሥተህ አምጣልኝ። እሱ ሲሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እጁን አስታውሳለሁ፣ ድምፁንም ትንሽ ትንሽ። ፊቱ ግን ጠፍቶብኛል። ለእማዬ ብነግራት ታዝንብኛለች። ፋሪዳ


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዙቤዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ቁጣዎ በሰላም ደርሶኛል። ጤናዬ ደኅና ነው፤ ልብሴ ግን ሰፍቶኛል።

ከኤደን መልስ የለም። በየሁለት ቀኑ እሄዳለሁ፣ ጸሐፊው ሳያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፣ እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ገመቹ መላ አመጣ። ይህ ሰው በቤቱ ብዙ መንገደኛ አሳልፏልና ነገሩን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ይቆይ፣ ሌላ አስገባ፣ አገር ጎብኚ ነኝ በል አለኝ። አገር ጎብኚ ዘመድ የለውም፣ ጥቅል አይሸከምም፣ የመመለሻ ቲኬት በእጁ ነው፣ የሚያድርበትን ሆቴል ያውቃል፣ ሲጠይቁት አጭር ይመልሳል። ይህን የመጨረሻውን ሲል እርስዎ ጽፈውለት ነው እንዴ ብዬ ጠረጠርኩ።

የመርከቡን ቲኬት ደርሶ መልስ ቆረጥኩ። ገመቹ ባርኔጣውንና ፊልም የሌለው ካሜራ አዋሰኝ። ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና «አንተ የወንድምየው ልጅ አይደለህም?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ሕጉ አይከለክልህም፣ ዘመድ ያለውም ሰው አገር መጎብኘት ይችላል አለ። ከዚያ ምን ልታይ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

እትዬ ዙቤዳ፣ ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ወደቡን አልኩት። ሌላስ? ገበያውን። ሌላስ? ላቤ መጣ። የእንጨት መሸጫ ካለ እሱንም አልኩት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። የምታየውን ሦስት ነገር በወረቀት ጽፈህ ና፣ የእንጨት መሸጫውን አትጻፈው አለኝ።

ገመቹ ኤደን የነበረ ሰው ፈልጎ አገናኘኝ። ሰውየው ከተራራው ሥር በጥንት ዘመን ከድንጋይ የተፈለፈለ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ፣ ፈረንጆች ለእሱ ብለው ነው የሚመጡት አለኝ። ውሃው ጥሩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ውሃ የለውም አለኝ። ሰው ውሃ የሌለው ጉድጓድ ለማየት ባሕር እንደሚሻገር እዚህ መጥቼ አወቅኩ። ጽፌዋለሁ። ሁለተኛ ወደቡ፣ ሦስተኛ ገበያው። ማመልከቻው ገብቷል።

ፋሪዳ፣ በግርጌ የጻፍሽውን አይቻለሁ፤ አልረሳውም።

አቶ ሀብተማርያም እንዴት ናቸው? ለሁሉም ሰላምታዬን አቅርቡልኝ።

ልጅዎ ሽኩር


ኮልፌ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ሽኩር፤

አላህ በባዕድ አገር ወዳጅ አያሳጣህ፣ ገመቹንም ከነቤተሰቡ ይባርክልን። ደብዳቤህ ዘግይቶ ነው የደረሰን፤ እኔም ወዲያው እንዳልመልስ የሆነ ነገር ነበረብን።

አንተን ብሎ አገር ጎብኚ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኮልፌ ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ሳንሱሲ ድረስ ሄደህ ወንዙን ቆመህ አላየህም። የምታየው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱንም ስንት አጠና ይወጣዋል ብለህ። የፋሪዳ ጓደኞች ካሜራ ማንጠልጠልህን ሰምተው ሲስቁ አመሹ። የጉድጓዱን ነገር ሳነሣማ እኔም አልቻልኩም። ከገባህ ግን እንኳን ጉድጓድ፣ የውሻ ቤትም ጎብኝ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ይልሃል። ሃጂራ ሰላም ትልሃለች፣ ለእህቷ የላከችው በርበሬ እንዳይረጥብ አደራ ብላለች። ሸሪክህ ሰላም ይልሃል፣ አጠናውን ለይቷል። ሼሁ ሰላም ይሉሃል። ጥሩብርሃንም ሰላም ትልሃለች፤ ሰው አልተለያትም፣ እኔም ከእሷ ጋር ነው የምውለው። ስለ አቶ ሀብተማርያም ስትመጣ እንጫወታለን።

አሁን አንድ ነገር ልበልህ። ፋሪዳ ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፣ አስገድጃት ነው። ከሊፋ እዚያ ሌላ ሚስት አግብቶ እንደሆነ እንዳትደብቀኝ። አልቆጣም። ተቆጥቼ ጨርሻለሁ፤ አምስት ዓመት ተቆጣሁ፣ ከዚያ ደከመኝ። ልጆችም ወልዶ እንደሆነ ለእነሱም ትንሽ ነገር እልክ ነበር። ሁለት ዓመት ዝም ያለው አፍሮ እንደሆነ አያፍር በለው። ቃሉን ብቻ ይስጥ። ለዚች ልጅ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ነገር አላደረገላትም፤ ይህችን አንዲት ነገር ያድርግላት።

ሐሩ ቢወደድብህ የፋሪዳን ብቻ ግዛ። የእኔ ባይኖርም ያለኝን እለብሳለሁ።

አክስትህ ዙቤዳ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዙቤዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ አቶ ሀብተማርያም ያሉትን ተረድቻለሁ። እንዲህ ያለው ነገር በደብዳቤ እንደማይባል እኔም አውቃለሁ፤ ሆድ ይፍጀው። ጋቢያቸውን አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ለጥሩብርሃን ስመጣ ራሴ እደርሳለሁ።

ዛሬ ጠዋት የአገር ጎብኚ ቪዛዬ ተመታልኝ። ለአሥራ አራት ቀን ነው። መርከቡ ነገ ሐሙስ ይነሣል።

ጸሐፊው ዛሬ ወንበር ስቦ ተቀመጥ አለኝ። ፓስፖርቴን ከሰጠኝ በኋላ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ከኤደን የመጣውን መልስ አወጣ። ሰሞኑን ደርሶ ኖሯል። ቪዛህን ስላገኘህ ይህ አያስፈልግህም አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ትሄዳለህ ወይስ ይቅር?» ሲል ጠየቀኝ። እሄዳለሁ አልኩት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከኤደን እጽፋለሁ። ራስዎን ይጠብቁ።

ልጅዎ ሽኩር


ኮልፌ፣ ኅዳር 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ሽኩር፤

አላህ ከባሕሩ ይጠብቅህ። ይህ ሲደርስ አንተ ኤደን ነህ፤ ገመቹ ያስቀምጥልህ ይሆናል። ቢሆንም ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፏል? ስለ ባርኔጣህና ስለ ካሜራህ ሁለት ገጽ የጻፍክልኝ ሰው፣ ከኤደን ስለመጣው ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት ብለህ ታልፋለህ? ፋሪዳ ወረቀቱ ፈቃድ ነው፣ አባባ ፈርሞ ነው ትላለች። ከሆነ ለምን እንዲህ አልጻፍክም?

ሐሩ ይቅር። ሌላውም ይቅር። የጠየቅሁህን ብቻ መልስልኝ።

አክስትህ ዙቤዳ


ኤደን፣ ኅዳር 17 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዙቤዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ብርታቱን ይስጥዎት፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ በልጅዎ ይካስዎት።

ኤደን ከገባሁ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ያስመዘገብኩትን ሁሉ ጎብኝቻለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የውሃ ማጠራቀሚያውን ነው። ከከተማው በላይ ተራራው ለሁለት በተሰነጠቀበት ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው። ጉድጓዱ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ የላይኛው ሲሞላ ውሃው ወደ ታችኛው እንዲፈስ ተደርጎ እስከ ከተማው አፋፍ ይወርዳል። ድንጋዩን ፈልፍለው በኖራ መርገውታል። ልስኑ እስካሁን አልተሰነጠቀም። ውሃ ግን የለውም፤ ከዘነበ ዓመት አልፎታል አሉኝ። ወደ ታች የሚወስደውን ደረጃ ቆጠርኩት። መልሼ ስቆጥረው ሌላ ቁጥር መጣ፣ ስለዚህ ልክ ስንት እንደሆነ አልነግርዎትም። ከጠዋት እስከ ቀትር እዚያው ተቀመጥኩ። በማግስቱም ሄድኩ።

ወደቡ ትልቅ ነው። አንድ ቀን አሥራ ሰባት መርከብ ቆጠርኩ። የእንግሊዝ ወታደሮች በየመንገዱ አሉ፣ ሰው ከቤቱ ብዙ አይወጣም። ገበያው ጥሩ ነው። በአገሩ ዛፍ የለም፤ ቤት የሚሠሩበት እንጨት ሁሉ በመርከብ ነው የሚመጣላቸው። ከኮልፌ አንድ ጭነት አጠና ባመጣ ብዬ አሰብኩና ወዲያው ተውኩት።

ከገበያው ጀርባ ያገራችን ሰዎች አሉ፣ ስድስት ናቸው። ስማቸውን ይዤ ስመጣ እነግርዎታለሁ። ገና በር ላይ ሳለሁ አቀፉኝ፤ ሰው እስኪመጣ ስንጠብቅ ነበር አሉኝ። ሦስት ቀን ከቤታቸው አላስወጡኝም። ጥቅሎቹን ለየባለቤቱ አስረክቤያለሁ፤ የሃጂራ በርበሬ አልረጠበም። የአቶ ሀብተማርያምን ጋቢ ለአንድ ሽማግሌ ዘበኛ ሰጠሁት። ቅቤ እንደነካው ነገርኩት፣ ግድ የለም ብሎ ተቀበለኝ።

ስለ ቃሉ አሳብ አይግባዎት። ኒካሁ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሁለት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ይዣለሁ፤ ለሼሁ የምሰጠው በእጄ ነው። ፋሪዳ የጠየቀችኝ ፎቶም ተገኝቷል። ቀዩን ሐር ገዝቻለሁ፣ አበባ አለበት። ነጩንም።

ኅዳር 25 ጅቡቲ እመለሳለሁ። ባቡሬ ታኅሣሥ 1 ይነሣል።

ልጅዎ ሽኩር


ኮልፌ፣ ኅዳር 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ሽኩር፤

ጽሕፈቱ የፋሪዳ አይደለም። የጻፈችልኝ ጥሩብርሃን ናት። የአባቷ አርባ ገና አልወጣም፤ ግን ስለምናት እሺ አለችኝ። ፋሪዳን መርካቶ ልኬያታለሁ። ዛሬ ሳልሸፍን ልናገር።

ከሊፋ ሞቷል። አንተ አልጻፍከውም፣ ወጉ ነውና አልወቅስህም። እኔ ግን አነበብኩት።

ፋሪዳ ደብዳቤህን ስታነብልኝ አንተን አላገኘሁህም። ጉድጓድ በጉድጓድ አደረግከው። ልስኑ፣ ደረጃው፣ የተራራው ስንጥቅ። አንተ በሕይወትህ ልስን አይተህ ታውቃለህ? አንድ ሰው ኤደን ድረስ አጎቱን ፍለጋ ሄዶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ የሌለው ጉድጓድ አጠገብ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ሳስብ፣ እሱን ድገሚልኝ አልኳት። ፋሪዳ እየሳቀች ነበር የምታነበው። ከዚያ ጋቢው ለዘበኛ ተሰጠ አልክ። አቶ ሀብተማርያም ለወዳጃቸው የላኩትን ጋቢ፣ ወዳጃቸው ቢኖር ለዘበኛ አትሰጥም ነበር፤ የመቃብር ዘበኛ እንደሆነም ገብቶኛል። ስለ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ጽፈህ ከሊፋ ሰላም ይልሻል አላልክም። እኔም ስለ አቶ ሀብተማርያም እንደዚሁ ነበር ያደረግሁት፤ ከእኔው ነው የተማርከው። ብርታቱን ይስጥዎት ብለህ ስትጀምርማ ምን ቀረህ? ፋሪዳ ገና ልጅ ናት፣ አልገባትም።

ኤደን ባሉት ያገራችን ሰዎች አልፈርድም። እነሱም እንደኛው ናቸው። መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፣ ሰው ሲመጣ እንነግራለን ብለው ተቀመጡ። እኛ ደግሞ ደብዳቤ እንጠብቅ ነበር። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ያለፈው ረመዳን የላክሁለት ሰላምታ ማን እጅ እንደገባ አላውቅም። አምስት ዓመት ተቆጣሁ፣ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱን የጠበቅሁት የሌለ ሰው እንደሆነ የምሰማው ካንተ ነው። ሌላ ሚስት አግብቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ሼሁ ዘንድ ብቻዬን ሄጄ ጠየቅሁ። አባት ከሌለ፣ አያት ከሌለ፣ ወንድም ከሌለ፣ አጎትም ከሌለ፣ ሥልጣኑ ወደ አጎት ልጅ ይዞራል አሉኝ። ያ ማለት አንተ ነህ። የማንንም ቃል መቀበል አያስፈልግህም፤ የምትድራት በራስህ ነው። ወረቀቱን ሲያዩ ኒካሁን ያስራሉ።

ፋሪዳ ዛሬ ብትሰማ ሠርጉ የለም። እሷ ትቀመጣለች፣ ቤቱ ለቅሶ ይሆናል፣ ረመዳን ይገባል፣ የልጁ ቤተሰቦች ሦስተኛ አይጠብቁም። አባቷ በሕይወት እያለ የተለያት ይበቃዋል፤ ሞቶ ደግሞ ከሰይፈዲን አይለያትም። በኋላ ስታውቅ ትቀየመናለች። ትቀየም። ተድራ ትቀየም።

ስለዚህ እንዲህ ታደርጋለህ። ስትመጣ ፊትህን አስተካክለህ ግባ። ስለ መርከቡ፣ ስለ ባርኔጣው አጫውታት፤ ጉድጓዱን ግን ተወው፣ እኔ ፊት አታንሣው። ፎቶውን ለጊዜው ያዘው። ሐሙስ ትድራታለህ። ቀዩን ሐር እለብሰዋለሁ፣ ዓርብም እለብሰዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እልል እላለሁ። ቅዳሜ በጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽማግሌ ይዘህ ና። እንዳልሰማ ሰው በሩን እከፍትላችኋለሁ። አንተም እንደማላውቅ አድርገህ ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ መቼ እንደሞተ፣ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደሰገደበት፣ ምን ብሎ እንደነበር። እንደ ልማድህ አንዱንም ሳታስቀር። ያን ጊዜ ነው የማለቅሰው። እስከዚያ ዕንባዬን ይዤ እቆያለሁ፤ ሠርግ ቤት አይለቀስም።

የተሳሳትኩ እንደሆነ ግን ቅዳሜን መጠበቅ አልችልም። ቴሌግራም ላክልኝ። ተቀብላ የምታነበው ፋሪዳ ናትና ስለ እሱ አንዲት ቃል እንዳትጽፍ። ስለ አጠናው ጻፍ። ዳሱን ለሁለት ቀን ነበር ያልነው። ከሊፋ ካለ ለሁለት ቀን በል። ከሌለ ለቀስተኛ ሦስት ቀን ይቀመጥበታልና እሱን ደምረህ ጻፍልኝ፤ ነቅለን እንደገና አንተክልም።

ጥሩብርሃን እያለቀሰች ነው የምትጽፈው፣ ቀለሙ ቢደበዝዝብህ የእኔ አይምሰልህ።

አክስትህ ዙቤዳ


ቴሌግራም

ጅቡቲ፣ ኅዳር 30 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዙቤዳ፣ ኮልፌ

ነገ እነሣለሁ። አጠናው ለአምስት ቀን ይቁም። ሽኩር